ዲሹን ያወረድኩበት ክረምት

ሮቤ ላይ ክረምቱ ሲጠና ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደው በረዶ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ይበልጣል። ዜና አንባቢው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ እናያለን እንጂ የሚለውን አንሰማም። ጥቂት ቆይቶ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ በመጨረሻም «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። በረዶው እስኪያባራ እንጠብቃለን። አባርቶም ካልመጣ መሰላል አቁሜ ጣራ ላይ መውጣት የእኔ ሥራ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ስወርድ እግሬ አዳለጠኝና ከነመሰላሉ ጭቃው ላይ ወደቅሁ። አጥንቴ አልተነካም፤ ያን ማታ ግን ዲሽ ከቤታችን ይውጣ አይውጣ የሚለው ክርክር ተጀመረ።

ዲሻችን ባለ ሦስት እግሩ ትልቅ ሳህን ነበር። ድሮ ናይልሳትን ሲያይ ፊቱ ወደ ምዕራብ ዘንበል ያለ ስለነበር ዝናቡ ጀርባውን መትቶት ይወርዳል። የሀገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ግን ሁሉም ሰው ዲሹን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ማዞር ነበረበት። ያቺ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከባሌ ሆኖ ለሚያያት ከራስ በላይ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ፈንጠር ብላ ነው የምትገኘው። ስለዚህ ሳህኑ እንደሚለምን ሰው ወደ ሰማይ አንጋጦ ይቀመጣል፤ የሚወርደውን በረዶ ሁሉ ይሰበስባል። ይህንን ያወቅሁት ጣራ ላይ ቆሜ በረዶውን በእጄ እየዛቅሁ ነው።

ክርክሩን የከፈተችው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ትልቋ ልጄ ናት። «አባዬ፣ አንተን ጣራ ላይ ለምን እንገድልሃለን?» አለች። ቤታችን በሁለት ወገን ይከፍል ነበር፤ ለወንዶቹ ኳስ ሲባል በየወሩ የሚሞላ ዲኮደር አለ፣ ለአራት ስልክ ደግሞ በየፊናው የሚገዛ የዳታ ጥቅል አለ። እሷ ደብተር አወጣችና ደመረች። ዲኮደሩ ይቅር፣ የየስልኩ ጥቅል ይቅር፣ በምትኩ ሲም የሚገባበት ራውተር ገዝተን ቤቱን በሙሉ በዋይፋይ እናድርገው። ድራማውም መዝናኛውም ብዙው ዩቲዩብ ላይ ይጫናል፤ ስንፈልግ እናየዋለን፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ማስታወቂያ አንጠብቅም። መካከለኛ ጥራት ያለው ምስል በሰዓት አንድ ጊጋ ገደማ ይበላል፤ በቀን ሦስት ሰዓት ብናይ በወር 90 ጊጋ። መቶ ጊጋ ብንገዛ ይተርፈናል። ሒሳቡ ትክክል ነበር።

ባለቤቴ አልተቀበለችም። እሷ ስትከራከር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ አንድ ነገር ተናግራ ሥራዋን ትቀጥላለች። «2012ን ረሳችሁት?» አለች ጎመኑን እየከተፈች። ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። በእነዚያ ቀናት ማን የት እንዳለ፣ መንገድ ይኑር አይኑር፣ ትንሽ ትልቁን የምንሰማው ከዚያው ካረጀው ሳህን ነበር። «ይኸ ነገር ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ ሆኖም ወገቤን እያመመኝ ስለነበር ከልጄ ጋር ወገንኩ። አባቴን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሱ ከእናቴ ሞት በኋላ ከጎባ መጥቶ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ የዚያን ጊዜ 78 ዓመቱ ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጠን አየዋለሁ፣ ዝም ማለቱን እንደ መስማማት ቆጠርኩት።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ዲሹን አወረድኩ። እንዳይበላሽ ብዬ ሪራ ላለችው እህቴ ልወስድላት ወሰንኩ። ሪራ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የሳነቴ አምባ አልቆ የሐረና ጫካ የሚጀምርበት ቦታ ያለች መንደር ናት። ሳህኑን ጎባ ላይ አይሱዙ ላይ አስጫንኩና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ይህን መንገድ ያላየ ሰው እንዴት ልንገረው? ከጎባ በላይ ጥዱ፣ ከዚያ አስታው፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቃል። 4,000 ሜትር ላይ ሜዳ አለ፤ ጉም ይገባል ይወጣል፣ ጅብራው በጉሙ ውስጥ እንደ ቆመ ሰው ይታያል። አንዲት ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ሃያ እርምጃ ርቃ ለፍልፈል ታደባለች፤ መኪናውን ዞር ብላም አላየችው። ጉሙ ሲገለጥ ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትር ከፍታው ብቅ አለ፤ አናቱ ላይ የቴሌኮም አንቴና ተተክሏል። ሾፌሩ ወደዚያ እያመለከተ «ኔትወርክ እኮ እዚያ ላይ ነው የሚያድረው» አለኝ። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ንፋስ ያንን ብረት አንድ በአንድ አውጥተው የተከሉት ሰዎች ትዝ አሉኝ። ጣራ ላይ ሦስት ጊዜ መውጣቴን ማማረሬ አሳፈረኝ።

ሪራ ስደርስ እየመሸ ነበር። የእህቴ ባል በሐረና ጫካ ቀፎ ይሰቅላል፤ ቤታቸው ማር ማር ይሸታል። መብራታቸው ከሶላር ነው፤ ባትሪዋ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ለሁለት ሰዓት ያህል ትሸከማለች። በማግስቱ ሳህኑን ድንጋይ ላይ አቆምነው። ኮምፓሱን ከስልኬ ላይ ከፍቼ ምሥራቁን ያዝኩ፣ ከዚያ ትንሽ በትንሽ እያነሳሁ ማንጋጠጥ ጀመርኩ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ከውስጥ ልጇ የሚላትን ታስተላልፋለች። «አልመጣም። አልመጣም። ቆይ! አለፈህ፣ ተመለስ!» የጣት ስፋት ያህል መለስኩት። «መጣ!» አለች፣ ጩኸቷ ጫካው ውስጥ ደርሶ ተመለሰ። ያን ማታ ቤቱ ውስጥ የቆጠርኩት አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው። አንድ ሳተላይት ለአንድ ቤትም ለሚሊዮን ቤትም የምትልከው ያንኑ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው ስላየ የሚጎድል የለም፣ የሚቆጥርም የለም። ይህን ያኔ እያየሁት አላስተዋልኩትም። ተደስቼ ወደ ሮቤ ተመለስኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ልጄ እንዳለችው ሆነ። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ በረዶው ቢወርድም አይቆራረጥም። በአሥረኛው ቀን መቶው ጊጋ አለቀ። ለካ ቴሌቪዥኑ ኔትወርኩ ጥሩ ሲሆን የምስሉን ጥራት በራሱ ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ ያለው ጥራት ደግሞ በሰዓት ወደ ሦስት ጊጋ ይወስዳል። በዚያ ላይ የልጆቹ ስልኮች አሉ። ደግመን ገዛን፣ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ መቆለፍ ተማርን፣ ልጆቹን ተቆጣን። ገንዘቡ አናደደኝ፤ ግን የገንዘብ ጉዳት ያልፋል። ሳላየው የቆየሁት ሌላ ጉዳት ነበር።

አባቴ ዐይኑ ደክሟል። በዲሹ ሪሞት ላይ ግን የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፤ 7 ቁጥርን በአውራ ጣቱ ዳብሶ ያገኛታል፣ ይጫናል፣ የሚወደው ጣቢያ ይመጣል። አመሻሽ ላይ ዜናውን በኦሮምኛ ይሰማና በአማርኛ ደግሞ ይደግመዋል፤ ሁለቱ የተለያዩበትን ነገር ለቀሪዎቻችን መንገር ልማዱ ነበር። በአዲሱ ላይ 7 ቁጥር የለም። ፊደል ላይ እየሄዱ አንድ በአንድ መልቀም፣ ከሚመጡት ሥዕሎች መምረጥ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልጆቹን ይጠራ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ዜናዬን አውጣልኝ እስቲ።» ልጆቹ እሺ ይላሉ፣ ያወጡለታል፤ ዜናው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ በራሱ ወደ ሌላ፣ ማን እንደሆነ ወደማይታወቅ ሰው ጩኸት ይሄዳል። እንደገና ይጠራል። ከጊዜ በኋላ መጥራቱን ተወ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ከጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ አገኘሁት። «ምነው አባባ፣ አልከፈቱልህም?» አልኩት። «ምን ያደርግልኛል፣ እነሱ ሥራ አላቸው» አለኝ። ሁለት ልጆች በየክፍላቸው በየስልካቸው ላይ ነበሩ፤ ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ድራማዋን በስልኳ ከፍታለች። አንድ ዋይፋይ ቤቱን አራት ቦታ ከፍሎታል። ያን ዕለት ይህን አየሁ፤ ግን ወዲያው ማረም ሲገባኝ ነገ ዛሬ እያልኩ ሰነበትኩ። ይቆጨኛል።

ነሐሴ 4 ቀን ቅዳሜ ነበር፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን። እኛ የባሌ ሰዎች ከአርሲ ጋር በዳገት የምንዋሰን ነን፤ ማራቶን ለእኛ ስፖርት ብቻ አይደለም፣ የጎረቤት ልጅ ጉዳይ ነው። ቀነኒሳ በቀለ ራሱ የበቆጂ ልጅ ነው፤ በ42 ዓመቱ ሊሮጥ ቆሟል። ታምራት ቶላ ደግሞ ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ሩጫው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው የገባው። ጠዋት 3 ሰዓት ሁላችንም ሳሎን ተሰበሰብን፣ ቡናው ተፈላ፣ አንዱ ወንድ ልጄ ቀጥታ ስርጭት ፈልጎ አገኘ። አባቴን ከፊት አስቀመጥነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ቤቱ ቤት መሰለኝ።

ሯጮቹ ኮረብታውን መውጣት ሲጀምሩ ከአጥሩ ማዶ ከጎረቤታችን ከሀጂ ቤት ጩኸት ተነሳ። «በኤ! በኤ!» ወጣ፣ ተለየ ማለታቸው ነው። እኛ ጋ ታምራት ገና ከሌሎቹ መሀል ነው። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። «ማነው የወጣው?» እኔ ምን ልበለው? ኋላ እንደተረዳሁት በኢንተርኔት የሚመጣ ቀጥታ ስርጭት ጥቂት ሰከንድ ጥቂት ሰከንድ እየሆነ ተቆራርጦ ነው የሚላከው፤ ተቀባዩ ደግሞ እንዳይቋረጥበት የተወሰነውን አጠራቅሞ ስለሚያሳይ ግማሽ ደቂቃም ከዚያም በላይ ይዘገያል። ሀጂ ዲሻቸውን አላወረዱም። ደስታውን ከአጥር ማዶ ሰምተን በእኛ ስክሪን ላይ እስኪደርስ እንጠብቃለን። ታምራት ከ28ኛው ኪሎ ሜትር ወዲህ ብቻውን ሲሄድ ካየን በኋላ ምስሉ ደረቀ፣ መሀሉ ላይ ነጭ ክብ መዞር ጀመረ። ልጄ ራውተሩን አጠፋ፣ አበራ። ክቡ ይዞራል። ልጄ በስልኩ ሞከረ። እኔ ጥቅሉ አልቆ እንደሆነ አየሁ፤ አላለቀም። ምናልባት ያን ሰዓት ሮቤ በሙሉ ያንኑ እያየ ነበር።

ቀና ስል አባቴ ወንበሩ ላይ የለም። በሩ ክፍት ነው። ዝናብ እያካፋ ነበር፤ ከዘራውን ይዞ፣ ጋቢውን በራሱ ላይ አድርጎ ጭቃውን እየዘለለ ወደ ሀጂ በር ሲያመራ ደረስኩበት። ክንዱን ያዝኩት። «ተወኝ፣ ያልፈናል» አለኝ። ሀጂ ቤት ሃያ ሰው ይሆናል የተቀመጠው፤ ለአባቴ ተነሡለት፣ ከፊት አስቀመጡት። ሀጂ «እንኳን መጣህ፣ ያንተን ምስክርነት እንፈልጋለን» አሉት። 5 ሰዓት አልፎ ታምራት በ2፡06፡26 ገባ፤ ከ2000 ዓ.ም. የቤጂንግ ኦሊምፒክ ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሻለ፤ ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል በኋላ በ24 ዓመቱ የወንዶች ማራቶን ወርቅ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ቀነኒሳም 39ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ሲገባ ቤቱ በሙሉ ቆመለት። አባቴ ያለቅስ ነበር። ከዚያ ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ለሰው ሁሉ ነገረ። የ19 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ጎባ ላይ አንድ ሱቅ ደጃፍ፣ ከሕዝቡ መሀል ቆሞ፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማሸነፉን ከሬዲዮ ሰምቷል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በዚያው ወር በ23 ነው፤ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው አበበ ሮጦ ጨርሶ ነበር። «ያኔ ማናችንም አላየነውም፤ አብረን ግን ሰማነው» አለ።

እዚያው ሀጂ ቤት፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ወሰንኩ። የሪራውን ሳህን ማስመለስ አይታሰብም፤ እነዚያን አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አይቻለሁ። ዲኮደሩ እንደተቋረጠ ይቅር፤ ወንዶቹ ለትልልቁ ጨዋታ ዲኤስቲቪ ቤት ይሂዱ፣ ኳስ ድሮም ከሰው ጋር ነው የሚጥመው። ራውተሩ ለትልቋ ልጄ ትምህርት ይቆይ፣ በትንሿ ጥቅል። ሳሎኑ ላይ ግን በየወሩ የማይከፈልበት ዲሽ ይመለስ። ለባለቤቴ ስነግራት ምንም አላለችም፤ በማግስቱ ከዕቁቧ አውጥታ የሳህኑን ግማሽ ሰጠችኝ።

መስከረም ላይ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ አነስ ያለችውን አዲስ ዲሽ ግድግዳው ላይ፣ እጄ በሚደርስበት ቦታ አሰርኳት፤ በረዶ ቢሞላባት በመጥረጊያ እንዲወርድ። አባቴ ውስጥ ሪሞቱን ይዞ ተቀምጧል፣ ሲመጣ እንዲጠራኝ ተነጋግረናል። በጣት ስፋት አነሳኋት፣ መለስኳት። «መጣ ወይ?» አልኩ። ዝም። ትንሽ አዞርኩ። «አባባ፣ መጣ?» ዝም። ሩብ ሰዓት ያህል ስታገል ቆይቼ ላየው ገባሁ። ዜናው በኦሮምኛ እየተነበበ ነው። አውራ ጣቱ 7 ቁጥር ላይ እንዳለ ነው፤ እጁን ወደ እኔ አንስቶ ዝም በል አለኝ።