«ራሴን እየሠራሁ ነው»

ዘንድሮ የፍቅር ልብ ወለድ ለመጻፍ ብዕር ያነሳችሁ ደራስያን ሆይ፣ ታሪኩን ዘንገና ሐይቅ ዳር አድርጉት። ከኮሶበር (እንጅባራ ማለቴ ነው፤ የድሮው ስም አፌ ላይ ቀርቶብኝ ነው) ብዙ አይርቅም፤ አስፋልቱም በአጠገቡ ስለሚያልፍ ጀግናችሁ ጫማው አቧራ አይነካውም። ሐይቁ እሳተ ገሞራ ቆፍሮት በሄደ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው፤ ጥልቀቱም 166 ሜትር ይባልለታል። የዘመናችን ፍቅር ጥልቀት ቢያንሰው እንኳ በፎቶው ጀርባ 166 ሜትር ይኖረዋል።

ታሪኩን ለማሰብ አትድከሙ፤ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ልጅቱ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ደመወዝ አላት፣ ምክር የማይጠፋባት ጓደኛ አላት። ልጁ ጢሙን አሳምሮ ይቆርጣል፣ የስኬት መጽሐፍ ያነባል፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ «ተኛሽ?» ብሎ ይጽፋል። «እያወራን ነው» ሲሉ ሦስት ዓመት ያልፋል። በመጨረሻ ዘንገና ዳር ቆመው «ለመሆኑ እኛ ምንድን ነን?» ትለዋለች። እሱም ውኃውን በትካዜ አይቶ፣ «አሁን ራሴን እየሠራሁ ነው» ይላታል።

ምን ያለ የተባረከ ሥራ ነው! ቤት የሚሠራ ሰው እንኳ መቼ ትጨርሳለህ ይባላል፤ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ይጠይቀዋል፤ ግንበኛውም ሒሳቡን ይፈልጋል። ራሱን የሚሠራ ግን የማስረከቢያ ቀን የለበትም። ልጅቱ ብታለቅስ «ቁስልሽን አላከምሽም» ትባላለች። ብትቆጣ መርዛማ ናት። ዝም ብላ ብትጠብቅ ደግሞ ለራሷ ክብር የላትም። ልጁ ግን ምንም ቢያደርግ እያደገ ነው።

ድሮ ኋላ ቀሮች ነበርን። ሦስት ሽማግሌ ጋቢውን ደርቦ ከደጅ ይቆማል፤ ግቡ፣ ተቀመጡ ሲባል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። የማን ልጅ ለማን እንደሚጠየቅ በዚያው ይነገራል፤ የመልስ ቀን ይቆረጣል። በእርግጥ ልጅቱን የጠየቃት አልነበረም፤ ይህ ሽሙጥ የማያስፈልገው በደል ነው። ዛሬ ተሻሽለናል፤ እሷ ራሷ ትጠይቃለች፣ የሚመልስላት ግን የለም።

የቀድሞ ደራስያንም ይህን ጥበብ ባለማወቃቸው ያሳዝኑኛል። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሮም ላይ ያሳተመው ልብ ወለድ ለዛሬ ፊልም የሚሆን ነገር ሁሉ ነበረው። ጀግናዋ ጦቢያ እንደ ወንድ ልጅ ለብሳ ትዞራለች፤ ንጉሡ ሴት መሆኗን ሲያውቅ በፍቅር ይወድቃል። ሰውየው ራሱን ሠርቷል ብንል ማን ይከራከረናል? ሃይማኖቱን እስከ መለወጥ ደርሷል እኮ! ግን ምን ያደርጋል፣ መጨረሻ ላይ አገባት። ለሁለተኛ ቅጽ የሚሆን ነገር ሳያስቀር!

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ይብሳል። የማንኩሳው በዛብህም ያመነታል፤ ነገር ግን የእሱ ፍርሃት ስም አለው፤ የሚወዳት የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ይባላል። አንድ ብልህ የፍቅር አማካሪ በጊዜ ቢደርስለት ኖሮ «የቤተሰቧ መንፈስ ከባድ ነው፤ ለአእምሮህ ሰላም ስትል ራቅ በል» ይለው ነበር። ያን ሁሉ ገጽ ማን ያነብ ነበር? ሰብለ ወንጌልም ቆብ ደፍታ አገር ለአገር በመንከራተት ፈንታ ራስን ስለ መውደድ ሥልጠና ትገባ ነበር።

ለታሪኩ ማድመቂያ ጥር 23ን አትርሱ። የዚያው አገር የአዊ ፈረሰኞች ዓድዋ የዘመቱ አባቶችንና ፈረሶቻቸውን የሚያስቡበት በዓል ነው። ጀግናችሁም ለፎቶ ያህል ፈረስ ላይ ይውጣ፤ ልጓሙን ሌላ ሰው ይያዝለት። ፎቶው ሥር «ጉዞዬ» ብሎ ይጻፍ። ወዴት እንደሚጓዝ የሚጠይቀው አይኖርም።

መጨረሻው ይታወቃል። ልጅቱ ብቻዋን ወደ ዘንገና ትመለሳለች፣ ራሷን ታገኛለች፣ አንባቢም ያጨበጭባል። እኔም ብቻዋን በመሆኗ ቅር አይለኝም፤ ባል ያላገባች ሁሉ ጎድሎባታል የሚለው ሌላ ጅልነት ነው። የሚያናድደኝ ሦስት ዓመት የሰረቃት ሰው በዚያው መጽሐፍ ውስጥ «አስተማረኝ» ተብሎ ተመስግኖ መውጣቱ ነው። ሌባ የሚመሰገንበት ሌላ ዘርፍ አላውቅም።

ወንድሜ፣ አንተም «እያወራን ነው» የምትል ከሆነ ዘንገና ድረስ አትልፋ፣ ትካዜም አያስፈልግህም። ከፈለግሃት ጠይቃትና ሽማግሌ ላክ፤ ካልፈለግሃት ደግሞ ዛሬውኑ ንገራት።