ቆርኪ እያለ ማን ይገዛል?

አገሩ ጨዋታ ይወዳል፤ ይህን ማንም አይክድም። በየሰፈሩ የአምቦ ውሃና የኮካ ቆርኪ ካርቶን ላይ ደርድሮ ዳማ የሚጫወት ሞልቷል፤ ኮንከር ከተያዘ ደግሞ ምሳ ይረሳል። ጣጣው የሚመጣው ጨዋታውን ልሽጥ ሲባል ነው። ከሥራ መልስና ቅዳሜ እሑድ ገበጣ፣ ዳማና ቼዝ የምንሸጥ ሰዎች ስንገናኝ ስለ ትርፍ አናወራም። የትርፍን ዝና ብቻ ነው የምንሰማው።

«ለእንጨት ይህን ያህል?» ይሉናል። አዎ፣ ለእንጨት! ዋንዛ በደንብ ሳይደርቅ ከተፈለፈለ ቤታችሁ ከገባ በኋላ ይሰነጠቅና ስልኬ ይጮኻል። እስኪደርቅ ልጠብቅ ካልኩ ደግሞ ገንዘቤ ግድግዳ ተደግፎ ወራት ይከርማል። ጠራቢው ይህንን አይሰማም፤ ቀብዱን ይፈልጋል።

ቴሌግራም ላይ ዋጋውን ከፎቶው ሥር በጉልህ እጽፋለሁ። «ስንት ነው?» ይመጣል። እነግራለሁ። «የመጨረሻ?» የመጨረሻውን እነግራለሁ። «እሺ፣ አሳውቅሃለሁ።» ይኸው እስካሁን እየጠበቅኩ ነው። ሌላው «ያዝልኝ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» ይላል፤ የየትኛው ወር ቅዳሜ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ከሁሉም የሚያደክመኝ የገበጣ ሕግ ነው። አንዱ ሁለት ረድፍ ካልሆነ ገበጣ አይደለም ይለኛል፤ ሌላው ያደገው በሦስት ረድፍ ነው፣ የእኔን ሰሌዳ ሲያይ አንዱን ረድፍ የሰረቅኩት ይመስለዋል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ባሳተሙት ጥናት የአገራችንንና የአካባቢውን የገበጣ ዓይነቶች ሲዘረዝሩ ገጽ ከገጽ ሞልተዋል፤ እኔ ያንን ሁሉ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጻፍ ተብያለሁ። ቢቸግረኝ አንዱን አጨዋወት መርጬ አሳተምኩ። አንድ አዛውንት ሰሌዳውን ገዝተው ሄዱና በሳምንቱ ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ አርመው ላኩልኝ። ከሥሩም «የማታውቀውን አትሽጥ» የሚል አለበት።

ባዛር ደግሞ ሌላ መከራ ነው። በድሮው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ወረራ ይባላል። ወረራው ከሰሌዳው ወርዶ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ሰፍሯል። ልጆች ያነሳሉ፣ ወላጆች ፎቶ ያነሳሉ፣ ጎረቤቴ ድምፅ ማጉያውን ይለቀዋል። ሲመሽ ጎንበስ ብዬ የገበጣ ጠጠር እቆጥራለሁ። አርባ ስምንት መሆን አለበት። አርባ ሰባት ነው፤ ሁልጊዜ አርባ ሰባት ነው። አርባ ሰባት ጠጠር ያለው ገበጣ ደግሞ ማንም አይገዛም።

ከውጭ የሚመጣውንማ አታንሱብኝ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የአንድ ሞኖፖሊ ዋጋ ስናገር «ከነሆቴሉ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ አለ። ሉዶ ልሽጥ ስል ዳይሱን ያዩ እናት «ቁማር ቤቴ አይገባም» ብለው ልጃቸውን ጎትተው ሄዱ። ክረምት ላይ ከአሜሪካ የሚመጡት ደግሞ ትልቁን ገበጣ ያነሱና በእጃቸው ይመዝኑታል። ሻንጣው 23 ኪሎ ነው፤ በርበሬው፣ ሽሮውና ቡናው ቀድመው ተመዝግበዋል። «ቀለል ያለ የለህም?» ቀለል ያለ ዋንዛ ያለበትን የሚያውቅ ቢነግረኝ እኔም ደስ ይለኛል።

እንግዳው እንኳን ይሁን። የገዛ ወዳጆቼ ናቸው የጨረሱኝ። «ለእኛ አስተካክልልን»፣ «አንድ ቅዳሜ ተጫውተን እንመልስልህ»፣ «ካፌዬ ላይ ላስቀምጥልህ፣ ማስታወቂያ ይሆንሃል» ይላሉ። ካፌው ላይ የተቀመጠው ዳማ አሁን የስኳር ማስቀመጫ ሆኗል። እናንተ ወዳጆቼ፣ በእውነት ልታግዙኝ ካሰባችሁ ሙሉውን ዋጋ ክፈሉ። የባንክ ሒሳቤን ታውቁታላችሁ።