ለጎልፈኛው እንግዳ፣ ከዳሪሙ ሩር መቺዎች

ለገና ከአዲስ አበባ ወደ ዳሪሙ የሚመጣ፣ ጎልፍ የቀመሰ ዘመድ አይጠፋም። ቡናውን እስከ በረካ ጠጥቶ ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ ልጆቹ በገና ጨዋታ ሩር የተባለችውን ኳስ የሚያሳድዱበት ሜዳ ዳር ይቆምና ምክሩን ይጀምራል። እንግዳ አይመለስም፤ ምክሩ ግን ይመለስለታል።

«ይሄ አያያዝ ጎልፍ ክለብ ቢሆን ያስባርራችሁ ነበር።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ዱላዎን የሚሸከምልዎ ሰው አስከትለው ነው። እኛ ቆልማማውን መርጠን ከጫካ የቆረጥነውም፣ የተሸከምነውም ራሳችን ነን። ማን ማንን ያባርራል?»

«ጉልበቱ ያለው የእጅ አንጓ ላይ ነው። ዱላው ኳሱ ጋ ሲደርስ አንጓችሁን ወንጨፍ አድርጉት።»

«በአንጓ ቢሆንማ ሽሮ የምታማስለው እናቴ ሻምፒዮን ነበረች።»

ልጁ ልክ ነው። ብሪታንያውያኑ አላስቴር ኮክራንና ጆን ስቶብስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት የጎልፍ ጥናት ምቱን እንደ ሁለት ተያያዥ ፔንዱለም ነው የሳሉት፦ ላይኛው ክንድ፣ ታችኛው ዱላ፣ መሀል ላይ ማጠፊያ። አንጓ ማጠፊያዋ ናት። ጉልበቱ ከእግርና ከወገብ ተነስቶ በትከሻ፣ በክንድ ይወርዳል፤ ክንድ ዝግ ሲል ዱላው ይፈተለካል፣ የታጠፈውም አንጓ በዱላው ሩጫ ተስቦ ይዘረጋል። አንጓ ቢያግዝ እንኳ መጨረሻ ላይ ነው። ቸኩሎ ቀድሞ የዘረጋው ሰው ፍጥነቱን አየር ላይ ጨርሶ ኳሱ ጋ ባዶ እጁን ይደርሳል።

«እሺ፣ ከሥሩ ገብታችሁ በመዳፍ ብድግ አድርጉት።»

«ሕፃን ነው እንዴ እሽሩሩ የምንለው?»

ይህች ብድግ ማድረግ የጀማሪ ጎልፈኛ ሁሉ በሽታ ናት። ኳሱን የሚያነሳው የዱላው ፊት ጋደል ማለቱ ነው፤ ዱላው ሥራውን ያውቃል። መሬት ላይ ያለ ኳስ በብረት ዱላ የሚመታ ጥሩ ተጫዋች፣ በምቱ ቅጽበት እጆቹ ከኳሱ ትንሽ ቀድመው ወደ ዒላማው አልፈዋል። ቀኝ መቺ ከሆነ የግራ አንጓው ጀርባ ቀጥ እንዳለ ነው። ያ አንጓ ወደ ኋላ ከተሰበረ የዱላው ፊት ይከፈትና ኳሱ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ዳሪሙ ላይ ወደ ቀኝ ሸሸ ማለት ቡና ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ለቀማው ያላለቀ ቡና፣ ባለቤቱም ዱላ ያለው።

«ካልሆነም ስትመቱ እያያችሁ አስተካክሉት።»

«ጋሼ፣ መቼ?»

ከሁሉ የወደድኩት ይሄን መልስ ነው። የጎልፍ ኳስና ዱላ የሚነካኩት ለግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ «ውይ» ለማለት እንኳ አይበቃም። የእጁ ንዝረት አንጎል ሳይደርስ ኳሱ ሄዷል። የሚስተካከል ነገር ካለ ዱላው ገና ላይ ሳለ ነው፣ እንዲያውም ከዚያም በፊት፣ አያያዙ ላይ።

«ለነገሩ የእናንተ ጨዋታ ምኑም ጎልፍ አይደለም!»

«ልክ ነዎት። የእርስዎ ኳስ ቆማ ትጠብቅዎታለች፤ 46 ግራም የማትሞላ ጨዋ ናት። የእኛ ሩር ያለችው ሦስት ሰው ዱላ ሥር ነው። እንደ እርስዎ ትከሻ ድረስ አዙረን ብንመታ የምናገኘው ቁርጭምጭሚት ነው።»

እዚህ ላይ ልጆቹ ለራሳቸው አዳሉ እንዳይባል፣ ልዩነቱ እውነት ነው። ኦሮምኛው ቂሌ የሚለው ይሄ ጨዋታ የዱላ ማዞሪያ ቦታም ጊዜም አይሰጥም። ምቱ አጭር ነው፤ አንጓውም ጠንከር ማለት ያለበት ሩሯ ላይ የባላጋራ ዱላ አብሮ ስለሚያርፍ ነው። ላላ ያለ አንጓ በኋላ ማታ ቅቤ ሲታሽ ያድራል።

«እስቲ ስጡኝ!» ይልና እንግዳው ኮቱን ያወልቃል። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ነውና ዱላው ይሰጠዋል። ወገቡን ይረሳል፣ አንጓውን ያስቸኩላል፣ ከሩሯ አንድ ስንዝር ወዲህ መሬቱን ይገምጠዋል። ሩሯ ንቅንቅ አትልም።

«ጋሼ፣ ጉድጓዱ ቆንጆ ነው። የቡናውን ችግኝ እኛ እናመጣለን።»