ተዳፋትና ውሃ ልክ፦ በሸናንዶዋ ፓርክ ተራራ ላይ የተደረገ የሦስት ሌሊት ጥናት

ጥናቱ ገና ከመነሻው የስያሜ ችግር ገጠመው። አሜሪካኖች «አርቪ» የሚሉት፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት ተሸክሞ የሚዞረው ተሽከርካሪ በአማርኛ የራሱ ስም የለውም። «የቤት መኪና» እንዳንለው ስሙ ተይዟል፤ በእኛ አገር የቤት መኪና ማለት ቤት የሌለበት መኪና ነው። «የመኪና ቤት» ብንለው ደግሞ ጋራዥ ይመስላል። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ ደጃችን ላይ ቆሞ ሲያዩት፣ «ልጄ፣ ቤቱ ነው የሚሄደው ወይስ መኪናው ነው የሚያድረው?» ያሉት የጥናቱ የመጀመሪያ ጥያቄ ሆኖ ተመዝግቧል። ለጊዜው «ተሽከርካሪ ቤት» እያልን እንቀጥላለን።

ቦታው በቨርጂኒያ፣ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ በስካይላይን ድራይቭ መንገድ 51ኛ ማይል ላይ የሚገኘው የቢግ ሜዶውስ የሰፈራ ስፍራ ነው። ናሙናው አንድ ኪራይ ተሽከርካሪ ቤትና ስድስት ሰው ሲሆን፣ እነሱም አጥኚው፣ ባለቤቱ፣ ሁለት ልጆች፣ አማቱና የባለቤቱ ታናሽ ወንድም ናቸው። ናሙናው አነስተኛ ነው የሚል ትችት ሊነሳ ይችላል። ትችቱን የሚያነሳ ሰው ከስድስቱ ጋር በአንድ ሽንት ቤት ሦስት ሌሊት እንዲያድር ይጋበዛል።

በዘርፉ የተለመደው አስተያየት የሰው ልጅ ተሽከርካሪ ቤት ተከራይቶ ተራራ የሚወጣው ተፈጥሮን ለማየት ነው የሚል ነው። ጥናታችን ይህን አልደገፈም። ሰው ተራራ የሚወጣው፣ ተራራው ላይ ሜዳ ፈልጎ ለማግኘት ነው።

በቅድሚያ ግን ተራራ መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ ሃውክስቢል 4,051 ጫማ፣ ማለትም 1,235 ሜትር ገደማ ነው። በአገራችን አቆጣጠር ከ1,500 ሜትር በታች ያለ መሬት ቆላ ይባላል። ስለዚህ ፓርኩ ከግርጌው እስከ ጫፉ ቆላ ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ ላይ የቆመ ሰውም ከአዲስ አበባ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ቆሟል። አማቴ ለሦስት ሰዓት ያህል በመስኮት ካዩ በኋላ፣ «ተራራው ገና ነው?» ሲሉ ጠየቁ። አልፈነው እየሄድን ነበር። ሌሊት ግን ቆላው በረዳቸውና ሁለት ጋቢ ደረቡ፤ ይህ ለአቆጣጠሩ ፈተና ስለሆነ ለሌሎች አጥኚዎች ትተነዋል።

ወደ ሰፈሩ ከሰሜን በኩል የሚመጣ ሰው በሜሪስ ሮክ ዋሻ ውስጥ ማለፉ ግድ ነው። የዋሻው ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የእኛ ተሽከርካሪ ቤት ቁመት 11 ጫማ ተኩል መሆኑ ከመሪው ፊት ለፊት በትልቁ ተለጥፏል። ይህን ሁሉም ሰው አንብቧል። ሆኖም ዋሻው ሲደርስ ስድስቱም አንገታቸውን ደፍተው ነው ያለፉት፤ አጥኚውም ጭምር፣ እየነዳ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የተሰጠን ቦታ ወደ ግራና ወደ ኋላ ያጋደለ ነበር። ለምን ይጨነቃሉ ለሚል አንባቢ ሳይንሳዊ ምክንያት አለ። የእኛ ተሽከርካሪ ቤት ፍሪጅ ኮምፕሬሰር የለውም። በጋዝ እሳት አሞኒያን ያፈላና፣ ተኖ የቀዘቀዘውን ፈሳሽ በቱቦ ወደ ታች እያወረደ ያቀዘቅዛል። ወደ ታች የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ ቤቱ ካጋደለ ፈሳሹ ይተኛል፤ ፍሪጁም ይሞታል። በእሳት የሚቀዘቅዝ ዕቃ መኖሩን አማቴ አላመኑም። ዶሮ ወጡን አውጥተው ሌላ ቦታ ሊያስቀምጡ ፈልገው ሌላ ቦታ ስለሌለ መለሱት።

ስለዚህ ውሃ ልክ ያስፈልጋል። የባለቤቴ ወንድም ስልኩ ውስጥ ያለውን ዘመናዊ ውሃ ልክ ከፍቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠና ሦስት ዲግሪ አለ። አማቴ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ወደ ግራ» አሉ። ሁለቱ መሣሪያዎች ሊለያዩ የቻሉት በዋጋ ብቻ ነው። ከዚያ ቢጫዎቹ የፕላስቲክ ታኮዎች ወጡ። የከባድ መኪና ረዳት ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስቶ በነጻ የሚያደርገውን ሥራ እዚህ በቀን ኪራይ የሚታሰብ ቢጫ ፕላስቲክ ነው የሚሠራው።

ታኮው ላይ ለመውጣት ወደ ኋላ መንዳት ግድ ይላል። በዚህ ጊዜ የትዳር ጓደኛ የረዳትነት ሥልጣን ትይዛለች። ባለቤቴ በአሜሪካ አሥራ አምስት ዓመት የኖረች የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ ሆኖም ከኋላ ቆማ መኪናውን በመዳፏ እየደበደበች፣ «ና! ና! ና! ስበር! ስበር አልኩህ! በቃ!» ስትል ከመገናኛ ታክሲ ረዳት የሚለያት የልብሷ ንጽሕና ብቻ ነበር። ይህ የእኛ ብቻ ባሕርይ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ሌሎች ሰፋሪዎችም ተስተውለዋል። ባል በመስታወት የማይታይበት ቦታ ቆማ የምታመላክት ሚስትና ያላየውን ምልክት በጩኸት የሚጠይቅ ባል በየቦታው አሉ። ጎረቤቶች ታጣፊ ወንበራቸውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ እነሱ አዙረው ይቀመጣሉ። እዚያ የመጡት ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ነው ተብሏል።

በሰፈሩ መብራትም ውሃም ወደ መኪናው አይዘረጋም። ጄኔሬተር የሚነሳው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። የጸጥታ ሰዓቱ በማስታወቂያው ላይ ከ10 እስከ 6 ተብሎ ተጽፏል፤ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ማለት ነው። አማቴ ግን ቁጥሩን እንዳለ ወስደው አሜሪካኖች ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት እንደሚተኙ ተረዱ። «አገሩን ማን ሠራው ታዲያ?» አሉ።

ስለ ድብ አጭር እንሁን። በፓርኩ ጥቁር ድብ ስላለ ምግብ ውጭ ማሳደር ክልክል ነው። ድርቆሹ፣ ሚጥሚጣውና ንጥር ቅቤው በሙሉ ከእኛ ጋር አደሩ። ድብ አልመጣም። አንድም በአካባቢው አልነበረም፣ አንድም መጥቶ ሽታውን አጥንቶ ተመልሷል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቡና በቤቱ ውስጥ ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸና ሥነ ሥርዓቱ ወደ ውጭ ተዛወረ። ጭሱ ሲያውድ ጎረቤቶች መምጣት ጀመሩ። የእንግዳ ተቀባይነታችን ውጤት መስሎን ነበር። ከብርማ ኤርስትሪም ተሳቢ ወርደው የመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አንደኛውን ስኒ ጨርሰው፣ ሁለተኛውን ጨርሰው፣ በረካው ላይ የመጡበትን ጉዳይ ተናገሩ፦ ቤታችሁ ከኋላ ዝቅ ብሏል።

ኤርስትሪምን በተመለከተ የታሪክ ማስታወሻ ያስፈልጋል። የኩባንያው መሥራች ዋሊ ባያም እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. 41 ተሳቢዎች የያዘ ጓድ መርተው ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ጉዞ ጀመሩ፤ በመንገዳቸው ኢትዮጵያ ገብተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለዋቸዋል። ይህንን ለአማቴ ስተረጉም ጥቂት አስበው፣ «ጃንሆይ ፊት ሲቆሙስ ታኮ አድርገው ነበር?» አሉ። ሽማግሌው ጥያቄው ሲተረጎምላቸው በጥሞና ራሳቸውን ነቀነቁ። ማድረጋቸው አይቀርም ብለው ያምናሉ።

ፓርኩን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እዚያው ቢግ ሜዶውስ ላይ ቆመው የመረቁት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 1936 ነው፤ ጃንሆይ በጄኔቫ አቤት ባሉ በሦስተኛው ቀን። ከዚያ በፊት ተራራው ላይ ሰው ይኖር ነበር። መሬቱ ለፓርክ ሲፈለግ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከቤታቸው ተነስተው እንዲወርዱ ተደርጓል። እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ጎማ ስላልነበረው ትተውት ሄዱ። ዛሬ በዚያው ቦታ ቤት ያላቸው ሰዎች ቤት ተከራይተው ይዘው ይመጣሉ፣ ከፍለው ያድራሉ፣ ስለ ተዳፋቱም ያማርራሉ። አጥኚው ይህን አንቀጽ ሊያሰፋው አስቦ ነበር፤ የፍሳሽ ታንኩ መሙላቱን የሚያሳየው መብራት በራ።

የተጠቀሙበት ውሃ በሁለት ታንክ ይቀመጣል፤ የመታጠቢያው ግራጫ፣ የሽንት ቤቱ ጥቁር ይባላል። አዲስ አበባ ቢሆን የመምጠጫው መኪና ወደ ቤቱ ይመጣል። እዚህ ቤቱ ራሱ መኪና ስለሆነ ወደ ማስወገጃው ሄዶ ተራ ይይዛል። ጥቁሩ መጀመሪያ ይለቀቃል፣ ግራጫው ተከትሎ ቱቦውን ያጥባል። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ስለ ተፈጥሮ ያለው አስተያየት ይለወጣል። የባለቤቴ ወንድም አዛብቶታል። ከዚያ በኋላ ስለ መልክዓ ምድሩ የተናገረው ነገር አልተመዘገበም።

ወደዚያ ለመሄድ ከታኮው መውረድ፣ ሲመለሱም እንደገና መውጣት ያስፈልጋል። በሦስቱ ቀናት ውስጥ ታኮ ላይ አራት ጊዜ ወጣን። ገደሉን ከነሸለቆው አንድ ጊዜ አየነው፤ ልጆቹ ፎቶ ሲነሱ።

ማክሰኞ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቤታችን ስንገባ ጥናቱ ተጠናቋል ብለን ነበር። የባለቤቴ ወንድም ግን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ የሳሎናችን ወለል ላይ አጋደመው። አንድ ተኩል ዲግሪ፣ ወደ ኩሽናው። በዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። አማቴ ውሃ በብርጭቆ አስመጥተው አረጋገጡ።

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ወለሉን አየችና፣ «አንተ፣ ታኮዎቹን መልሰናቸዋል እንዴ?» አለች።

መልሰናቸዋል።