ከኬፕ ታውን ለሻንቶ፦ ስለ ድንገተኛ ክፍል ወረፋ የተጻፈ ማብራሪያ

ድንገተኛ ክፍል ማለት ድንገት የታመመ ሰው ቀስ ተብሎ የሚታከምበት ክፍል ነው። የዚህ ደብዳቤ ላኪ ሎኬሽን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ካለው ሱቅ በር ላይ የለስላሳ ሳጥን ተሸክሞ ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት፣ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወንበር ላይ ሌሊቱን አንግቷል። ወሬው ወላይታ፣ ሻንቶ ሲደርስ ወለምታው ስብራት፣ ስብራቱም ቆረጣ እንዳይሆን የወረፋው አሠራር ከነምክንያቱ እንደሚከተለው ተብራርቷል።

ተራ የሚያዘው በመጡበት ሰዓት አይደለም። በር ላይ የምትቀበለው ነርስ ትንፋሽን፣ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትንና ሙቀትን ትለካለች፤ በሽተኛው በእግሩ ገባ ወይስ ተደግፎ፣ ነቅቷል ወይስ ፈዟል፣ አደጋ ደርሶበታል ወይስ አልደረሰበትም የሚለውን ትመዘግባለች። እያንዳንዱ ነጥብ አለው። 7ና ከዚያ በላይ ያመጣ ቀይ ነው፤ ወዲያው ይገባል። 5 ወይም 6 ብርቱካናማ ሲሆን በ10 ደቂቃ፣ 3 ወይም 4 ቢጫ ሲሆን በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ መታየት አለበት። ከ3 በታች አረንጓዴ ነው፤ የሚፈቀድለት የጥበቃ ጊዜ እስከ 4 ሰዓት ይደርሳል። ሰማያዊም አለ፤ ሰማያዊ የተሰጠው ሰው ግን ሞቷልና ወረፋው አያሳስበውም።

ወለምታ በዚህ ፈተና ጥሩ ውጤት አያስመዘግብም። ተደግፎ ለገባ 1፣ አደጋ ለደረሰበት 1፣ ጠቅላላ ድምር 2። ቢጫ ለመሆን አንድ ነጥብ ይጎድላል። የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ቢያልፍ ያቺ ነጥብ ትገኝ ነበር፤ አብሮ የመጣው የአገር ልጅም «ግቢውን አንዴ ሮጠህ ዙር» ሲል መክሯል። መሮጥ የሚችል እግር ይዞ ማን ሆስፒታል ይመጣል የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ አልተነሣም።

ከነጥቡ ሌላ ሕመሙ ራሱ ቀለም ያስቀይራል። ከባድ ሕመም ብርቱካናማ፣ መካከለኛ ሕመም ቢጫ ያደርጋል። የወላይታ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት የለመደ ሰው፣ ነርሷ «ከ10 ስንት ያምምሃል?» ስትለው እግሩ እንደ ጎዳሬ አብጦ እያየች «ትንሽ ነው፤ አሁንስ ተሽሎኛል» ይላል። ነርሷ የተባለችውን ትጽፋለች፤ አይፈረድባትም። ከጎን የተቀመጠው ጎልማሳ ግን የድንች ጥብሱን ሳያቋርጥ «10» አለና ቀድሞ ገባ። ስለዚህ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ የሻንቶ ልጅ ከመነሣቱ በፊት ሊለማመደው የሚገባው ነገር ማቃሰት ነው።

የቀለሙ ሥርዓት የተወለደው እዚሁ ኬፕ ታውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ተሰባስበው አዘጋጁት፤ ከዚያ በመላ ደቡብ አፍሪካ ተሠራበት፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም በብዙ አገር ወሰዱት። አዲስ አበባ ላይ እንደ ጥቁር አንበሳ ያሉ ሆስፒታሎች በሽተኛ የሚለዩበት አሠራርም ከዚሁ የተቀዳ ነው። የወላይታ፣ የሀዲያና የከምባታ ልጆች በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ አረንጓዴው ቀለም ወደ ሰሜን ሲወጣ መንገድ ላይ ተላልፈዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግርምት አለ። ክሪስቲያን ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1967 በዓለም የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ያደረገው በዚችው ከተማ፣ ግሩት ስኩር ሆስፒታል ነው። የልብ መቀየሪያ የተገኘበት ከተማ ለቁርጭምጭሚት ጊዜ ማጣቱ ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ ግን የዕውቀት ማነስ አይደለም። አብዛኛው የአገሩ ሰው የግል የጤና መድን ስለሌለው ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይመጣል። የወር መጨረሻ ቅዳሜ ደግሞ ደመወዝና መጠጥ ይገናኛሉ፤ የተወጋና በጥይት የተመታ ሰው ሲገባ አረንጓዴዎች ሁሉ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ከሁሉ የሚከፋው የአልጋ ነገር ነው፤ ሐኪም ያየው በሽተኛ ላይኛው ፎቅ አልጋ እስኪለቀቅለት ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል፣ አዲስ የሚመጣውም መግቢያ ያጣል። እንግሊዞችም ከዚህ አልዳኑም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ከመቶ 98ቱ በሽተኞች በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ታይተው እንዲጨርሱ ያወጡትን ግብ በ2010 ወደ 95 አወረዱት።

የውጭ አገር ሰው ከበር ይመለሳል ወይ ለሚለው፣ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና አይከለከልም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦፕሬሽን ዱዱላ የተባለው ቡድን በአንዳንድ ክሊኒኮች በር ላይ እየቆመ መታወቂያ ሲጠይቅ ሰንብቷል፤ ቡድኑ «ማንም» የሚለውን ቃል አንብቦ ስለመሆኑ ግን ምልክት አልታየም።

በአገር ቤት ጥበቃው የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በር ሳይሆን ከቤት ነው። በሽተኛው በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ይወጣል፤ አምቡላንስ ይጠበቃል፤ ጤና ጣቢያ ሪፈር ይጽፋል፤ ከዚያ ሶዶ ይወረዳል። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሆነውን የድሮው ሰው አሁንም ኦቶና ይለዋል። እዚያ ካርድ የሚያወጣ አንድ፣ ጓንትና መርፌ ፍለጋ ፋርማሲ የሚሮጥ ሌላ፣ ዘበኛውን የሚለምን ሦስተኛ፣ ፔርሙዝ ይዞ የሚጸልይ ደግሞ በርካታ አስታማሚ አለ። ኬፕ ታውን ላይ ጓንቱን ሆስፒታሉ ያቀርባል፤ የሚለመን ዘበኛ ቢኖር እንኳ የሚለምንለት የለም። የአገር ልጅ የተባለውም ሱቁ ክፍት ስለነበር እኩለ ሌሊት ሳይሆን ተሰናብቷል።

ሊነጋጋ ሲል ስም ይጠራል። ጠሪው ስሙን ስለሚያበላሸው የተጠራው ሰው መጠራቱን የሚያውቀው ሌላ ማንም ሳይነሣ ሲቀር ነው። ሐኪሟ፣ ለጋ ወጣት፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች መሆኗ ከዓይኗ ያስታውቃል። አጥንቱን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ፣ ጥቂት እርምጃ አስረግጣ፣ ስብራት የለም አለች፤ ራጅም አላስፈለገም። ተለጣጭ ፋሻ፣ ፓራሲታሞል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ እግርን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ መተኛት፦ ሕክምናው ይኸው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት እግሩ እንዳይታሽ በጥብቅ አሳስባለች፤ ይህን የመጨረሻውን ለሻንቶ ወጌሻ ማንበብ ግዴታ አይደለም።