ማህተሙ መጣ፣ ሰውየው ቀረ

እንፍራንዝ መኪና መንገዱ ዳር ባለችኝ ቦታ አንዲት ፎቅ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ፤ ምድሩ ሱቅ፣ ላዩ የኔ መኝታ። ድሮ ይኼ ከግንበኛ ጋር ጠላ ተጠጥቶበት የሚያልቅ ጉዳይ ነበር። ከ2001ዱ የሕንጻ አዋጅ 624 ወዲህ ግን ፎቅ ከሆነ የተመዘገበ ባለሙያ ይፈርምበታል። ይፈርም! ሕንጻ ሰው ላይ ሲናድ ሰምቻለሁ፣ ሕጉን አልጠላም።

የእኅቴ ልጅ ኢንጂነር ነው። መጣ፣ ቆፈረ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ አፈሩን በጣቱ እያድበለበለ «አጎቴ፣ ይኼ ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጠለቅ ይበል» አለኝ።

«በል ፈርምልኝ።»

«እኔማ ገና ግራጁየት ነኝ። የሚፈርመው ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል ነው።»

አፈሩን የዳሰሰው አይፈርምም! ዲዛይን ቤት ሄድሁ። ኮምፒውተር ላይ የተጎለተው ልጅ «አባባ አያስቡ፣ ማህተሙን እናስመታለን» አለኝ። አስመታ። ማህተሙ ያምራል፣ አልዋሽም። ፕላኑ ጥግ ላይ ግን የማላውቀው ሰው ስም ከነአዳማ ቀበሌው ቀርቷል፤ ግቢዬ ውስጥም የሁለት መኪና ማቆሚያ ተሥሏል። እኔ ያለችኝ አንዲት በቅሎ ናት! መሠረቱማ ጭራሽ ዋልካ የሚባል ነገር አልሰማም።

«የማህተሙ ባለቤት የታል?»

«አዲስ አበባ ነው። ፈቃዱን አከራይቶት ነው።»

እኔም በሬ አከራይቼ አውቃለሁ፤ የተከራየ በሬ እንኳ እርሻው ላይ በአካል ይገኛል።

የእኅቴ ልጅ እንደሚለው፣ አሜሪካ ውስጥ ዋዮሚንግ የምትባል ክፍለ ግዛት በ1907 እ.ኤ.አ. የኢንጂነር ፈቃድ ሕግ ያወጣችው ጠበቃው ሁሉ ኢንጂነር ነኝ እያለ የውኃ ካርታ ሲፈርም ቢያስቸግራት ነው። እነሱ ሳይማር የሚፈርመውን ከለከሉ፤ እኛ ተምሮ፣ ተመዝግቦ፣ ሳያይ የሚፈርመውን ማን ይከልክልልን?

አፄ ሠርፀ ድንግል አሠሩት የሚባለው የጉዛራ ግንብ እዚሁ አጠገባችን ነው። ዘመን በልቶታል፣ አልክድም። ግን የገነባው ሰው ቢያንስ ኮረብታውን ወጥቷል።

ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ማህተሙ ከነባለቤቱ ይምጣልኝ። መናኸሪያ ድረስ በቅሎዋን እልክለታለሁ፣ ዶሮም ይታረዳል። እስከዚያ ግን ጫማውን አውልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ይግባ፤ ወጡ እስኪደርስ ብዙ ሰዓት አለው።