ሞተሩ ማደያ አይሄድም

ደክሞናል። ሕገ ወጥ የነዳጅ ንግድን ለመቆጣጠር ዘመቻ ተጀመረ የሚል ዜና በራዲዮ በሰማን ማግስት፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ገባ ብሎም እስከ ገበዘ ማርያም፣ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ይወደዳል። ሻጩ «አሁን እኮ ያስራሉ» ይልና የእስሩን ስጋት በዋጋው ላይ ይጨምረዋል። የሚከፍለው ገዢው ነው። ዘመቻው ሲበርድ ዋጋው ወደ ነበረበት ሲመለስ አላየሁም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የእኛ የጎጃም ገበሬ ቤንዚን የሚፈልገው ለመኪና አይደለም። በብርና በላህ ወንዝ ዳር፣ በየጅረቱም፣ በበጋ ሽንኩርቱንና ድንቹን የሚያጠጣው በውኃ መሳቢያ ሞተር ነው። ሞተሩ ወንዝ ዳር ተተክሎ ነው የሚከርመው፤ ማደያ ድረስ ተነድቶ አይሄድ ነገር! ስለዚህ ባለቤቱ ጀሪካን ይዞ ይወጣል። ማደያ ሲደርስ በጀሪካን መቅዳት ክልክል ነው፣ ደብዳቤ አምጣ ይባላል። ቀበሌ ሲሄድ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ወረዳ ሲሄድ ማኅተም ያዡ የለም፣ ነገ ተመለስ ነው። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ሰውየው ማደያ ሲመለስ ቤንዚኑ አልቋል። ሽንኩርቱ ግን ደብዳቤ አይጠብቅም፤ ውኃ ካጣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ በጋውን ሙሉ የተለፋበት ነገር መሬት ላይ ይቀራል። ሰውየው ሲጨንቀው ማታ ከመንገድ ዳር ከታሪፉ እጥፍ ከፍሎ አምስት ሊትር ይገዛል። በማግስቱ ኬላ ላይ ከተያዘ ስሙ ከኮንትሮባንዲስት ጋር ይመዘገባል።

ወፍጮ ቤቱም እንዲሁ ነው። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ወፍጮ የሚዞረው በናፍጣ ነው። ናፍጣ የጠፋ ቀን እናቶች እህላቸውን በአህያ ጭነው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይዞራሉ።

በ2017 ዓ.ም. የወጣውን የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ቁጥር 1363ን አልቃወምም። ነዳጅ ደብቆ ሕዝብ የሚያስጨንቅ መቀጣት አለበት። ግን ቅጣት ብቻውን አይበቃም፤ ዋጋ መጨመርም እንደማይበቃ አይተናል። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ 91 ብር ከ14 ሳንቲም የነበረው የቤንዚን ሊትር፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 30 ቀን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። የእኛ ነዳጅ ከጎረቤት አገሮች ስለሚረክስ ድንበር ተሻግሮ ይወጣል፣ ዋጋው ሲስተካከል ኮንትሮባንዱ ይቀንሳል ስንባል ኖረናል። ታሪፉ ጨመረ፤ የመንገድ ዳሩም አብሮት ጨመረ። በ2015 ዓ.ም. ክፍያው በቴሌብር ሲሆን ቁጥጥሩ ይጠብቃል ተባልን። ከጥቂት ወራት በኋላ ክልላችን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ወደቀ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱም ተዘጋ።

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ነዳጅ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። አምስት ሊትር በጓሮዋ የደበቀችን ሴት ፈልጎ የሚያገኝ ፈታሽ፣ 40 ሺህ ሊትር ያህል የጫነ ቦቴ የት እንደተራገፈ ማወቅ እንዴት ያቅተዋል? ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ቤንዚን እኮ ከመሬት አልፈለቀም። ከማደያ ወይም ከቦቴ ወጥቶ ነው መንገድ ዳር የተገኘው።

ጎጃም ይህን ፍተሻ አዲስ አድርጎ አያየውም። በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይጥል ነበር። ገበሬው ያመረተውን ጤፍና በቆሎ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ከዚያ ውጭ እህል ይዞ ኬላ ማለፍ ወንጀል ነበር። ኮታው አልሞላለት ብሎ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበ ገበሬ እንደነበር አባቶቻችን ዛሬም ያወሩታል። የገዛ እህሉን ለልጁ ስንቅ ብሎ በሌሊት ኬላውን ዞሮ የሚያሻግረው ሰው ያን ጊዜ አሻጥረኛ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ቀረ፤ ያ ሁሉ አሻጥረኛ በአንድ ቀን እንደገና ገበሬ ሆነ። ሰውየው አልተለወጠም። የተለወጠው ደንቡ ነው።

ማዳበሪያውንም አይተናል። በ2015 ክረምት መግቢያ ገበሬው ዩሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ አቤት ለማለት ሄደ። በማኅበር መጋዘን የለም የተባለው ማዳበሪያ በነጋዴ እጅ ግን በውድ ይገኝ ነበር። ያኔም ከፊት የተያዘው አንድ ኩንታል በአህያ ጭኖ የተገኘው ነው።

ስለዚህ፣ ዘመቻ የምታዙ ሰዎች፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ባለ ሞተሩና ባለ ወፍጮው በቀበሌ ተመዝግበው፣ የመስኖው ወቅት ሳይገባ ድርሻቸው በጀሪካን ይሰጣቸው፤ በየሳምንቱ ደብዳቤ አምጡ አይባሉ። ቦቴ ማደያ በገባ ቁጥር ደግሞ ስንት ሊትር እንዳራገፈ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፍ። እኛ ማንበብ እናውቃለን፤ ስንት እንደተቀዳም ተሰልፈን ስለምንውል እንቆጥራለን።